የሸክላ ጥያቄዎቻችሁ፦ የኖይ! አልበሞች እና የተበላሸ የሚመስለው ገጽ

ባለፈው እትም ስለ ጀርመኖቹ የ70ዎቹ የሙዚቃ ባንድ ስለ ኖይ! ጣል ያደረግኩት ሁለት መስመር ብቻ ነበር፣ የድሮ አልበሞቻቸው እንደገና ታትመው ገበያ ላይ አሉ ነው ያልኩት፣ የመጣው ጥያቄ ግን የዛሬውን ገጽ እንዳለ ወሰደው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ አለበለዚያ መደናገራችን ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። አንተ የጻፍከውን አይቼ የኖይ!ን ሁለተኛ አልበም በሸክላ ገዛሁ። አንደኛው ገጽ አሪፍ ነው። ስገለብጠው ግን ዘፈኑ እንደ ጉድ ይሮጣል፣ ቀጥሎ ያለው ደግሞ ባትሪው እንዳለቀ ቴፕ ይጎተታል። ማጫወቻዬ ነው ብዬ የጥላሁንን ሸክላ ሳስቀምጥበት ምንም አልሆነም። ልመልሰው ስሄድ ሻጩ ጤነኛ ነው ብሎ ሳቀ። እያሾፈብኝ ነው? (በ. ከፍራንክፈርት)

መልስ፦ አላሾፈብህም ወንድሜ፣ ሸክላውም ማጫወቻህም ጤነኛ ናቸው። ነገሩ እንዲህ ነው፣ የባንዱ ሁለት ሰዎች፣ ድራም መቺው ክላውስ ዲንገር እና ጊታሪስቱ ሚካኤል ሮተር፣ ሁለተኛውን አልበም ሊቀዱ ስቱዲዮ ገቡና ግማሹን እንደሰሩ ገንዘቡ አለቀ። በቃ አለቀ። እጃቸው ላይ የነበረው ቀደም ብለው ያወጡት ነጠላ ሸክላ ነው፣ ባንዱ ፊት “ኖይሽኔ” በሌላው “ሱፐር”፣ እና ያቺኑ ሸክላ ማጫወቻ ላይ አስቀምጠው ፍጥነቱን እየቀያየሩ ቀዷት። በደቂቃ 45 ዙር መዞር ያለባትን አንዴ በ78 አንዴ በ16። ለዛ ነው ዘፈኖቹ ስም አጠገብ ቁጥር የምታየው፣ “ኖይሽኔ 78”፣ “ሱፐር 16”፣ “ሱፐር 78”። “ካሴቶ” የሚለው ደግሞ በካሴት ማጫወቻ አልፎ የተንገዳገደው ነው። እዛው ገጽ ላይ ሁለቱም ዘፈኖች በትክክለኛ ፍጥነታቸውም አሉ፣ ካላመንከኝ እነሱን ለይተህ ስማቸው።

አልበሙ በ1973 ሲወጣ የገዙትም አንተን የተሰማህ ነው የተሰማቸው፣ ተጫወቱብን አሉ። አሁን ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ ሪሚክስን፣ ማለትም የተቀዳ ዘፈንን እንደገና ማቀነባበርን፣ የፈጠሩት እነሱ ናቸው የሚል ጽሁፍ በየቦታው ነው፣ ዲንገር ራሱም ጥበብ ነው እያለ ነው የኖረው። እኔ እዚህ ላይ አልስማማም። በዛው ሰሞን ጃማይካ ውስጥ እንደ ኪንግ ተቢ ያሉ የድምፅ ባለሙያዎች የተቀዳን የሬጌ ዘፈን እየበለቱ ዳብ የሚባለውን ሙዚቃ ያወጡ ነበር፣ ያውም ሰው የሚጨፍርበት። ይሄ የቸገረው ሰው ብልሃት ነው፣ ደፋር ብልሃት እሺ፣ ግን አንድ ሁለቴ ሰምተህ ወደ አንደኛው ገጽ መመለስህ አይቀርም፣ እዛ “ፊውር ኢመር” አለልህ፣ 11 ደቂቃ ከምናምን።

ጥያቄ፦ ወንድሜ የእንግሊዞቹ የዴቪድ ቦዊ እና የሬዲዮሄድ አድናቂ ነው፣ ቤታችን ሌላ ነገር አይከፈትም። ኖይ! ስለው ግን እነማን ናቸው አለኝ። እነ ቦዊ ከነሱ ተምረዋል የሚባለው እውነት ከሆነ እንዴት ማንም አያውቃቸውም? (ህ. ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ህዬ፣ አንደኛው ምክንያት በጣም ቀላል ነው፣ ዘፈናቸው አይገኝም ነበር። የሲዲ ዘመን መጣ፣ ሰው ሁሉ የድሮ ሸክላውን በሲዲ እየተካ ነበር፣ የኖይ! ግን እስከ 2001 ድረስ ሕጋዊ ሲዲ አልነበረም። ሁለቱ ሰዎች ስለማይስማሙ ነው። ሮተር ዝምተኛ፣ ዲንገር ቁጡ፣ አንዱ እሺ ያለውን ሌላው እምቢ፣ ይሄ ዓመታት ፈጀ፣ በመሀል ፎርጅድ አሳታሚዎች ከሸክላ ላይ እየገለበጡ ቸበቸቡት፣ ለባለቤቶቹ ሳንቲም ሳይደርስ። በመጨረሻ ያስማማቸው ዘፋኙ ሄርበርት ግሮነማየር ነው፣ ጀርመን ያለ ሀበሻ ሁሉ ስሙን የሚያውቀው ያ ግሮነማየር፣ ግሮንላንድ የሚባል የራሱ የሙዚቃ አሳታሚ ድርጅት አለው፣ ሁለቱን አግባብቶ አስፈረማቸውና ሶስቱ አልበሞች በ2001 በስርዓቱ ወጡ።

አነሳሳቸውን በአጭሩ ልንገርሽ። ሁለቱም በ1971 ክራፍትቨርክ ውስጥ ነበሩ፣ አዎ ያ እንደ ሮቦት የሚቆሙት የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ባንድ ክራፍትቨርክ፣ ያኔ ግን ሮቦት የለም፣ ከመስራቾቹ ራልፍ ሁተር ለጥቂት ወራት ባንዱን ትቶ ሌላኛው መስራች ፍሎሪያን ሽናይደር ነው ከነሱ ጋር የተጫወተው። ወጡና ሁለት ብቻቸውን ኖይ!ን መሰረቱ፣ በ1971 ዲሴምበር ሃምቡርግ ስቱዲዮ ገብተው የመጀመሪያውን አልበም በአራት ሌሊት ጨረሱት። ሶስተኛ ሰው ካልን አዘጋጁ ኮኒ ፕላንክ ነው፣ ቴፑን ገልብጦ ያጫውተዋል፣ ሮተር በተገለበጠው ላይ ጊታር ይደርባል፣ ሲመለስ ያ ጊታር ወደ ኋላ የሚተነፍስ ነገር ይሆናል። ሁለት ሰው ብቻ ነው የተጫወተው ብዬ ብነግርሽ የአልበሙን መክፈቻ “ሃሎጋሎ”ን ሰምተሽ አታምኚኝም።

ዋናው ግን ምቱ ነው። ዲንገር ድራም ላይ ሲቀመጥ ጌጥ የለ፣ ማሳረፊያ የለ፣ ዘፈኑ አሁን ይለወጣል ብለሽ ስትጠብቂ አይለወጥም፣ “ሃሎጋሎ” ላይ 10 ደቂቃ እንደዛው ይነዳዋል፣ እና የሚገርመው አይሰለችም፣ ምክንያቱም ከላይ ያለው ጊታር በየሰላሳ ሰከንዱ ትንሽ ትንሽ ይቀየራል፣ ሳታውቂው ሌላ ቦታ ደርሰሻል። ሀያሲዎች ሞቶሪክ ብለው ስም አወጡለት፣ እሱ አልወደደውም፣ ማለቂያ የሌለው ቀጥ ያለ መንገድ ነው ይል ነበር፣ እና እውነቱን ነው፣ የአዳማን ፈጣን መንገድ ይዘሽ ስትወጪ ከፍተሽ ሞክሪው (ፍጥነት ወሰኑን ግን አደራ፣ እግር ራሱ ነዳጅ ላይ ይጫናል)። እንግሊዛዊው ሙዚቀኛና አዘጋጅ ብራያን ኢኖ የ70ዎቹን ታላላቅ ምቶች ሲቆጥር ሶስት ብቻ ነው የጠራው፦ የፌላ ኩቲ አፍሮቢት፣ የጄምስ ብራውን ፈንክ፣ የክላውስ ዲንገር ኖይ!። ከፌላ ጋር መጠራት ቀልድ አይደለም።

ቦዊ ጋ ስንመጣ፣ ለወንድምሽ ይሄን ንገሪው፦ ሶስተኛው አልበማቸው “ኖይ! 75” ላይ “ሂሮ” የሚባል ዘፈን አለ፣ ቦዊ “ሂሮስ”ን በርሊን የቀዳው በ1977 ነው፣ የኖይ! አድናቂ እንደነበረም ራሱ ተናግሯል። በመሀል ኢኖ በ1976 ፎርስት የምትባል የሮተር መንደር ድረስ ሄዶ ሃርሞኒያ ከሚባለው ሌላኛው ባንዱ ጋር ተቀድቷል፣ ከዛ ነው ከቦዊ ጋር የሰራው። ክሩ ይሄው ነው። ሶኒክ ዩዝም ስቴሪዮላብም ሬዲዮሄድም የሚባሉት ባንዶች ከዚሁ ነው የሚመዙት። አንድ አሜሪካዊ ባንድ ጭራሽ ስሙን “ኔጋቲቭላንድ” ከሚለው ዘፈናቸው ነው የወሰደው፣ በመሰርሰሪያ ማሽን ጩኸት የሚጀምረው ነው፣ ሌሊት በሄድፎን እንዳትከፍቺው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሶስቱን አልበም ለየብቻ ልግዛ ወይስ ሁሉም ባንድ ሳጥን ያሉበትን ቦክስ ሴት? “ኖይ! 4” የሚባል ሲዲም ርካሽ አግኝቻለሁ፣ ፎርጅድ ነው? (ገ. ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ለየብቻ ይግዙ። ቦክሶቹ ሁለት ናቸው፣ አንደኛው በ2010 የወጣው የሸክላ ቦክስ፣ ሌላው ለ50ኛ ዓመታቸው በ2022 የወጣው፣ እሱ ላይ እነ ዘ ናሽናል እና አይድልስ የሚባሉ ባንዶች የሰሯቸው የመታሰቢያ ቅጂዎች ተጨምረዋል። ክፉ አይደሉም ግን ያ ጭማሪ ለሰብሳቢ ነው፣ አንዴ ተሰምቶ መደርደሪያ ላይ የሚቀር ነገር፣ እርስዎ ደግሞ መስማት ነው የፈለጉት።

ሰው ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምሩ ይላል፣ እኔ “75”ን ያስቀድሙ ባይ ነኝ። አንደኛው ገጽ የሮተር ነው፣ ፒያኖ አለ፣ የባህር ድምፅ አለ፣ ለስላሳ፣ ገልበጥ ሲያደርጉት ዲንገር ድራሙን ለወንድሙ ለቶማስ እና ለሃንስ ላምፐ ትቶ ጊታር አንግቶ ይጮሃል፣ እንግሊዞቹ ፓንክ የሚሉትን ጩኸታም ሮክ ይዘው ከመነሳታቸው በፊት ፓንክ ነው። ሁለቱ ሰዎች ለምን አብረው መቆየት እንዳልቻሉ በዛ አንድ ሸክላ ይገባዎታል። ሱቅ ሲገቡ ጥቁሩን ሽፋን ይፈልጉ፣ ነጩ በቀይ የተጻፈበት የመጀመሪያው ነው፣ በሮዝ ስፕሬይ 2 ቁጥር የተረጨበት ደግሞ ፍራንክፈርት ያለውን ወንድማችንን ያስደነገጠው።

“ኖይ! 4”ን በተመለከተ ፎርጅድ አይባልም፣ ግን ንጹህም አይደለም። በ1985 እና 86 ታርቀው ሞክረው ሳይጨርሱ የተዉት ቅጂ ነው፣ ዲንገር በ1995 ሮተርን ሳያስፈቅድ ለአንድ ጃፓን አሳታሚ ሰጠው፣ ጠቡም ባሰ። ዲንገር በ2008 ከሞተ በኋላ ሮተር ከወራሾቹ ጋር ተስማምቶ እንደ አዲስ አስተካከለውና በ2010 “ኖይ! 86” ተብሎ ወጣ። የግድ ካማረዎት እሱን ይያዙ። እኔን ከጠየቁኝ ግን የ80ዎቹ ኪቦርድ አበላሽቶታል፣ በዛ ገንዘብ የሃርሞኒያን የ1974 አልበም ይግዙ።

ጥያቄ፦ ጀርመንኛ አልችልም፣ ግጥሙ ካልገባኝ ዋጋ አለው? (ስም አልተጻፈም)

መልስ፦ ግጥም የለም ማለት ይቀላል። አብዛኛው ዘፈን ድምፅ የለውም፣ ያለው ላይም ዲንገር ያጉረመርማል ወይ ይጮሃል፣ ጀርመኖቹ ራሳቸው በደንብ አይሰሙትም። የመጀመሪያው አልበም ላይ “ኢም ግሉክ” ሲደርሱ የጀልባ መቅዘፊያ ውሃ ሲመታ ይሰማሉ፣ እሱን ማንም ሳይተረጉምልዎ ይገባዎታል።

የመንዙማ ሸክላዎችን ማጠብ ይቻላል ወይ ብላችሁ የጻፋችሁ ሁለት አንባቢዎች፣ የእናንተ ለሚቀጥለው እትም ተላልፏል፣ እስከዛ ግን በአልኮል እንዳትነኳቸው።