የአንባቢያን ጥያቄዎች፦ ስለ ርዕዮተ ዓለምና ስለ በተርስኮች መጠጥ

ባለፉት ሁለት ጽሑፎቼ በአንደኛው ርዕዮተ ዓለም ሰውን በዓይኑ የሚያየውን እስኪክድ ድረስ እንዴት እንደሚያደርሰው አትቼ ነበር፤ በሌላው ደግሞ ከቡናማ ስኳርና ከቅቤ በቤት ውስጥ ስለሚዘጋጀው የበተርስኮች መጠጥ ጥቂት ብዬ ነበር። ከሁለቱ ብዙ ደብዳቤ ያመጣው የትኛው እንደሆነ መገመት አያዳግትም። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬ በራሴ አነጋገር አቅርቤያቸዋለሁ፤ ስድብ ያለባቸውንም ስድቡን ትቼ ጥያቄውን ወስጃለሁ።

በተርስኮች ከካራሜል በምን ይለያል? (ከአዳማ)

ካራሜል ነጭ ስኳር ቀልጦ እስኪጠይም ድረስ የሚበስል ነው፤ በተርስኮች ግን ቡናማ ስኳርና ቅቤ ገና ከመጀመሪያው አብረው የሚበስሉበት ነው።

ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ ከገባ ወዲህ የጤፍ ዋጋንም ሆነ የአጎቱን ፍቺ በአንድ ምክንያት ብቻ የሚተነትንባቸው አባት፣ የ1960ዎቹን ዘመን በወጣትነታቸው ያዩ በመሆናቸው ነገሩ አስፈርቷቸዋል። «ልከልክለው ወይስ ልተወው? ርዕዮተ ዓለም ሁሉስ ክፉ ነው ወይ?» ይላሉ።

አይከልክሉት፤ ቢከለክሉትም አይሰማዎትም። ሁለተኛውን ጥያቄዎን በተመለከተ፣ ሰው ስለ ፍትሕና ስለ አገሩ አንድ እምነት ሳይይዝ መኖር የሚችል አይመስለኝም፤ እንዲኖርም አልመክርም። በ1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ የወጡት ተማሪዎች እምነት ነበራቸው፤ የጠየቁትም ትክክለኛ ጥያቄ ነበር፤ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ለታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ መንገድ ከጠረጉት አንዱ የእነርሱ ድምፅ ነው። አደጋው የሚጀምረው ሰው እምነቱን ከያዘ በኋላ ማስረጃው ምን ማለት እንዳለበት ማስረጃው ሳይታይ በፊት መወሰን ሲለምድ ነው።

ረዘም ያለ ምሳሌ ልስጥዎት፤ ከእኛም አገር ጋር የተሳሰረ ስለሆነ ይታገሱኝ። ኒኮላይ ቫቪሎቭ የሚባል የሶቭየት የዕፅዋት ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1927 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ነበር። የስንዴያችንንና የገብሳችንን ዓይነት ብዛት አይቶ ተደነቀ፤ ዘር ሰብስቦ ሄደ፤ በኋላም የሰብል ዝርያዎች መነሻ ናቸው ብሎ ከዘረዘራቸው የዓለም አካባቢዎች አንዷ አገራችን ሆነች። ሥራው ቀላል ግን አድካሚ ነበር፤ መሄድ፣ ማየት፣ መሰብሰብ፣ መዝራትና ማወዳደር። በዚያው ዘመን ትሮፊም ሊሴንኮ የሚባል ሌላ ሰው ተነሣ። ዘርን ቀድሞ በማቀዝቀዝ ባሕርዩን መለወጥ፣ የተለወጠውንም ባሕርይ ወደሚቀጥለው ትውልድ ማውረስ ይቻላል አለ። አንድ ዓይነት ተክሎች እርስ በርሳቸው አይሻሙም፤ ስለዚህ ተጠጋግተው ቢተከሉ ይጠቀማሉ ሲልም አስተማረ። ይህ ሁሉ ለፓርቲው ጆሮ ይጥም ነበር፤ ተፈጥሮም እንደ ኅብረተሰብ በፈቃድና በትግል በፍጥነት ትለወጣለች የሚል ድምፅ ነበረውና። ሊሴንኮ ማሳን ከማሳ በጥንቃቄ በማወዳደር ፈንታ ለኅብረት እርሻ ኃላፊዎች የሚሞላ ቅጽ ይልክ ነበር። ምርት ቀነሰ ብሎ ሞልቶ መላክ በዚያ ዘመን ምን እንደሚያስከትል እርስዎ አያጡትም።

ቫቪሎቭ ተቃወመ። እ.ኤ.አ. በ1940 ዘር ለመሰብሰብ በመስክ ላይ ሳለ ተያዘ፤ ሞት ተፈረደበት፤ ፍርዱ ወደ እስራት ቢለወጥለትም በጥር 1943 ሳራቶቭ በሚገኝ እስር ቤት በረኀብ ተዳክሞ ሞተ። ዓለምን ከረኀብ ለማዳን ዘር ሲሰበስብ የኖረ ሰው መሆኑን ሳስብ ይከብደኛል። እርሱ ይመራው በነበረው የሌኒንግራድ የዕፅዋት ተቋም ከነበሩት ባልደረቦቹም በርካቶቹ ከተማዋ በጀርመን ጦር ተከብባ ሳለ የዘሩን ክምችት አንበላም ብለው ከእህል ከረጢቶች መካከል በረኀብ ሞቱ። ሊሴንኮ ግን እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1948 ትምህርቱ ብቸኛው ትክክለኛ ትምህርት ተብሎ ታወጀለት። አጠጋግቶ የመትከሉን ዘዴ ቻይና እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ በእርሻ ላይ አዋለችው፤ ቀጥሎ ለመጣውና በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሕዝብ ለፈጀው ረኀብ ምክንያት ከሆኑት ነገሮች አንዱ ይህ ነበር።

ከዚህ ሁሉ የማወጣው ሊሴንኮ ተሳሳተ የሚለውን አይደለም፤ የሚሳሳት ሳይንቲስት ሞልቷል። ስሕተቱን ሊያሳዩት የሚችሉት ሰዎች አስቀድመው «ጠላት» መባላቸው ነው ነገሩን ያበላሸው። በእኛም የሆነው ይኸው ነው። ኢሕአፓና መኢሶን ከአንድ የተማሪዎች እንቅስቃሴ የወጡ፣ አንድ ዓይነት መጻሕፍት ያነበቡ፣ ሁለቱም ማርክሲስት ሌኒኒስት ነን የሚሉ ድርጅቶች ነበሩ። አንደኛው ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት ዛሬውኑ ይቋቋም አለ፤ ሌላኛው ለደርግ ሒሳዊ ድጋፍ እንስጥ አለ። ይህ ሰዎች ተቀምጠው ሊከራከሩበት የሚችሉት የስልት ልዩነት ነበር። ነገር ግን ተከራካሪው «አናርኪስት» ወይም «ባንዳ» ከተባለ በኋላ የሚቀረው ክርክር ሳይሆን ጥይት ነው። ሚያዝያ 9 ቀን 1969 ዓ.ም. ሌተና ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በአብዮት አደባባይ ደም የሚመስል ነገር የሞላባቸውን ጠርሙሶች ሲሰብሩ ዋነኛ ዒላማቸው ኢሕአፓ ነበር፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ መኢሶንም ኅቡዕ ገባ፤ ተራው ደረሰው። መንግሥት የፈጸመውን ግድያ ከሁለቱ ድርጅቶች ጥፋት ጋር እኩል እያደረግሁት አይደለም፤ እስር ቤቱና የጦር መሣሪያው በማን እጅ እንደነበረ ይታወቃል።

ስለዚህ ልጅዎን ስለ ሐሳቡ ትክክለኛነት አይሟገቱት። አንድ ነገር ብቻ ይጠይቁት፦ «ምን ብታይ ሐሳብህን ትለውጣለህ?» አንድ የሚጨበጥ ነገር ቢጠራልዎት ደኅና ነው፤ ይተውት፤ ያንብብ። ሐሳቡን ሊያፈርስ የሚችል ነገር በዓለም ላይ ከሌለ፣ የከሸፈውንም ሁሉ «አሻጥር ነው» ብሎ የሚያልፈው ከሆነ ግን ይጨነቁ። ደርግ ገበሬው እህሉን በኮታ፣ ከገበያ በታች በሆነ ዋጋ፣ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት እንዲያስረክብ ሲያስገድድና እህል ከገበያ ሲጠፋ፣ ጥፋተኛው ዋጋው ሳይሆን «የኢኮኖሚ አሻጥረኛው» ነጋዴ ነበር። የካቲት 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ገበሬው «በፈቃዱ» ገብቶባቸዋል ይባሉ የነበሩትን የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት በጥቂት ወራት ውስጥ በብዙ ቦታ በትኗቸው ተገኘ። የፈቃዱ ነገር እስከዚያ ድረስ ማንም ያልጠየቀው ጥያቄ ነበር።

ንጥር ቅቤ ይሆናል? (ሁለት አንባቢያን)

አይሆንም። ኮረሪማውና ኮሰረቱ ይቅርና፣ ሲነጠር የሚወጣው ዝቃጭ ነው ለበተርስኮች ጣዕሙን የሚሰጠው። ለጋ ቅቤ በቀዝቃዛ ውኃ ደጋግመው አጥበው ይጠቀሙ።

አንዲት የአዲስ አበባ ነዋሪ የስኳር ሙቀት መለኪያ ገዝታ፣ የውጭ አገር የአሠራር መመሪያ በሚለው ዲግሪ ብታበስለው ድንጋይ ሆነባት። መለኪያው ተበላሽቶ ይሆን ትላለች።

መለኪያሽ ደኅና ነው። መመሪያው የተጻፈው በባሕር ጠለል አጠገብ ለሚኖር ሰው ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው፤ ስለዚህ ሽሮፕሽ መመሪያው ያለው ዲግሪ ላይ እስኪደርስ ድረስ ከሚገባው በላይ ውኃ አጥቷል። ለከረሜላ ከሆነ ከተጻፈው ቁጥር ላይ 8 ዲግሪ ያህል ቀንሺ። ለመጠጥ ከሆነ ግን መለኪያውን አስቀምጪውና ድስቱን እዪ፤ የዘመናችን ብዙ ካድሬ ይህን ማድረግ ቢችል ኖሮ የዚህ ዓምድ ግማሽ ባላስፈለገ።

ለስድስት ኩባያ የሚሆነው እንዲህ ነው። 50 ግራም ቅቤ በለስላሳ እሳት አቅልጪ፤ 100 ግራም ቡናማ ስኳር ጨምረሽ እያማሰልሽ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ አረፋ እያወጣ እንዲፈላ አድርጊ። ከእሳት አውርጂና 120 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ክሬም በቀጭኑ አፍስሺበት፤ ስለሚንጨረጨር ፊትሽን አርቂ። መልሰሽ ለአንድ ደቂቃ ያህል አፍልተሽ ቁንጥር ጨውና ጥቂት ቫኒላ ጨምሪበት። ወተቱን ለብቻው አፍልተሽ፣ ትንሽ በረድ ሲል ለአንድ ኩባያ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቀላቅዪበት። ቡናማ ስኳር አሲድነት ስላለው ከወተት ጋር አብሮ ከፈላ ወተቱን ሊቋጥረው ይችላል። በማኪያቶ ላይ ደግሞ አንድ ማንኪያ ይበቃል። ቡናማ ስኳር ካጣሽ 100 ግራም ነጭ ስኳር ከግማሽ የሾርባ ማንኪያ የምግብ ሞላሰስ ጋር አሺው። የምግብ ማለቴን ልብ በዪ፤ ለከብት የሚሸጠውን አይደለም።

ቫኒላው አልኮል አለበት ይባላል፤ ምራቴ ሙስሊም ናት። (ከደሴ)

በጠርሙስ የሚሸጠው ንጹሕ የቫኒላ ጭማቂ በአሜሪካ ደንብ ቢያንስ 35 በመቶ አልኮል ይይዛል። ዱቄቱን ይጠቀሙ፤ ወይም ይተዉት።

አንድ አንባቢ ይቆጣሉ። «ምሳሌህ ሁሉ ከኮሚኒስቶች ነው፤ ነፃ ገበያን ስለምታመልክ ነው» ይላሉ።

ነፃ ገበያን የሚያመልኩም ሰው ገድለዋል። እ.ኤ.አ. በ1845 የአየርላንድን ድንች በሽታ ሲያጠፋው የለንደን መንግሥት መጀመሪያ ከአሜሪካ በቆሎ ገዝቶ ነበር። በ1846 ሥልጣን የያዘው መንግሥትና የገንዘብ ሚኒስቴሩ ከፍተኛ ባለሥልጣን ቻርልስ ትሬቬልያን ግን መንግሥት በእህል ንግድ ጣልቃ መግባት የለበትም፣ ገበያው ራሱ ያደርሰዋል በሚለው ትምህርት ጸኑ። ገንዘብ የሌለው ሕዝብ ለገበያው ምንም አልነበረም፤ እህል ከአየርላንድ ወደቦች እየተጫነ ሲወጣ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አለቀ። ሪፖርቱ ለትሬቬልያን ይደርሰው ነበር፤ ያነብም ነበር። ስለዚህ አንባቢዬ፣ የትኛው ርዕዮተ ዓለም እንደሚሻል ተከራከሩ፤ እኔም የራሴ ምርጫ አለኝ። እዚህ የምጽፈው ግን ሪፖርቱ ደርሶት ስለማያነብና አንብቦም ስለማይሰማ ሰው ነው፤ እርሱ በሁሉም ሰፈር አለ።

«ገለልተኛ ነኝ ማለትም ርዕዮተ ዓለም ነው።»

ገለልተኛ ነኝ አላልሁም። ደብዳቤው ስድስት ገጽ ነው፤ ጥያቄ የለበትም።

ስኳር በሽታ ያለባቸው የባሕር ዳር አንባቢ «አንድ ኩባያ ምን ያደርገኛል?» ይላሉ።

በአንድ ኩባያ ውስጥ ከወተቱ የራሱ ስኳር ሌላ ከ16 ግራም በላይ ስኳር አለበት። የሚወስዱትን መድኃኒት አላውቅም፤ ባውቅም ሐኪም አይደለሁም። ይህን ጉዳይ ከጋዜጣ ዓምድ አይጠይቁ፤ ከሚከታተልዎት ሐኪም ጋር ሳይነጋገሩ አይቅመሱት። ጎረቤትዎ «እኔ ጠጥቼ ምንም አልሆንሁም» ቢልዎትም እንዲሁ።

በቨርጂኒያ የምትኖር እኅት ወንድሟ በአገር ቤት ፖለቲካ ምክንያት ቡና መምጣት አቁሟል። ከዓመት በላይ አልተነጋገሩም።

የቤተሰብ አማካሪ ዘንድ መሄድ ይቻላል ይባላል። እኔ ግን አስቀድሞ ሁለታችሁም የምታከብሩት አንድ የዘመድ ሽማግሌ መላክን እመርጣለሁ፤ መልእክቱም «ፖለቲካውን እንተው» የሚል ባይሆን ይሻላል፤ ይህ ለእርሱ «ዝም በል» እንደማለት ነውና። «ና፣ ስለ እናታችን መድኃኒት እንነጋገር» በይው፤ ወይም በእርግጥ የሚያስፈልግሽን ሌላ ነገር ጠይቂው። በርዕዮተ ዓለም የተያዘ ሰው አንቺን የአንድ ወገን ተወካይ አድርጎ ማየት ለምዷል፤ ልማዱ የሚሰበረው እኅቱ እንደሆንሽ በሚያስታውሰው ተራ ጉዳይ ነው እንጂ በተሻለ ክርክር አይደለም። አንቺም እርሱን እንዲሁ እያየሽው እንዳይሆን መርምሪ፤ ደብዳቤሽ ውስጥ «እነሱ» የሚለው ቃል ከስሙ በላይ ተደጋግሟል። ከመጣ ማኪያቶውን በበተርስኮች አድርጊለት።

ልጆችን አብሮ ማሠራት ይቻላል?

ከእሳት ወርዶ ከበረደ በኋላ ማማሰልና መቅመስ ይችላሉ፤ እሳቱ ዘንድ ግን አይቅረቡ። የፈላ ስኳር ከፈላ ውኃ የበለጠ ይሞቃል፤ ቆዳ ላይ ተጣብቆም ይቆያል። ካቃጠለ ወዲያውኑ ቀዝቃዛ የቧንቧ ውኃ ለ20 ደቂቃ አፍስሱበት፤ በረዶ፣ ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙናና ቡና አታድርጉ፤ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኑት። ፊት፣ እጅ ወይም መገጣጠሚያ ከነካ፣ ከልጁ መዳፍም ከሰፋ፣ ቢያድር ይሻለዋል አትበሉ፤ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

የተረፈው ስንት ቀን ይቆያል?

በተከደነ ብርጭቆ ዕቃ፣ በማቀዝቀዣ ውስጥ፣ ሁለት ሳምንት። መብራት ደጋግሞ በሚጠፋበት ሰፈር ግን በሁለት ቀን ጨርሱት።