ታይሮይዴ ተመልሶ መጣ ላልሽው እህቴ
«ፒቲዩ (የታይሮይድ ሆርሞንን የሚቀንሰውን ክኒን) ዓመት ከመንፈቅ ወስጄ፣ ሐኪሙ አቁሚ ብሎኝ ካቆምኩ በኋላ የልብ ምቱም ላቡም ተመለሰብኝ፤ ኦፕራሲዮን ልግባ ወይስ መድኃኒቱን ልቀጥል?» ብለሽ ከፍኖተ ሰላም ለጻፍሽው። እኔም ደብረ ማርቆስ ሆኜ ይኸው መንገድ ደርሶብኛል፣ አይዞሽ።

ጥፋቱ የኔ ነው ብለሽ አትጨነቂ። የግሬቭስ በሽታ (የሰውነት መከላከያ የታይሮይድ እጢን ከልክ በላይ የሚያሠራበት) ከሆነ መድኃኒቱን በሥርዓት ወስደው ካቆሙት ውስጥ ግማሽ ያህሉ ይመለስባቸዋል። ስለዚህ ሐኪምሽን አስቀድመሽ ጠይቂው፦ ግሬቭስ ነው ወይስ እባጭ እባጭ ያለው እንቅርት? በኛ ደጋ አዮዲን ስለሚያንስ ሁለተኛው ብዙ ነው። እሱ ደግሞ በክኒን ጋብ ይላል እንጂ መድኃኒቱ ሲቆም መመለሱ አይቀርም።

እኔ ኦፕራሲዮኑን የመረጥኩት እንቅርቱ ትልቅ ስለነበር ነው፤ በጀርባዬ ስተኛ ያፍነኝ ነበር። ሆርሞኑ በመድኃኒት ሳይረጋ ግን አትግቢ፣ ለሕይወት ያሰጋል። የድምፅ ነርቭና ካልሲየም የሚቆጣጠሩት ትንንሽ እጢዎች ከታይሮይድ እጢው አጠገብ ስላሉ፣ ይህን ቀዶ ሕክምና ዘወትር የሚሠራ ሐኪም ፈልጊ። እኔን ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ሌሊት ጣቶቼንና ከንፈሬን ነዘረኝ፤ ለነርሷ ወዲያው ነገርኳት፣ ካልሲየም ሰጡኝና ተወኝ። እንዲህ ከሆንሽ እስኪነጋ አትጠብቂ።

የታይሮይድ እጢው ሙሉ በሙሉ ከወጣ ሌቮታይሮክሲን (ሆርሞኑን የሚተካው ክኒን) ዕድሜ ልክ ነው። ጠዋት በባዶ ሆድ፣ ከቁርስም ከቡናም ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ። እኔ ክኒኑን ውጬ ነው ቡናውን የማጥበው፤ ተቆልቶ ተወቅጦ አቦሉ እስኪቀዳ ሰዓቱ ይሞላል።

ራዲዮአክቲቭ አዮዲን የሚባለውም አለ፤ የሚዋጥ ነው፣ እጢውን ቀስ በቀስ ያከስመዋል። ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ ፈጽሞ አይሆንም፤ ከወሰድሽ በኋላም ቢያንስ 6 ወር ማርገዝ የለብሽም። ዓይንሽ ወጣ ወጣ ካለ ሊያባብሰው ይችላል። ለኛ ደግሞ ቅርብ አይደለም፣ አባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ ሄዶ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ብዙ ሰው የማያነሳው ምርጫ ደግሞ አነስተኛ መጠን ያለውን መድኃኒት ለዓመታት መቀጠል ነው። የግሬቭስ ታማሚ በትንሽ መጠን ከረጋ ሐኪሞች ይቀበሉታል። ለዚህ ግን ከፒቲዩ ይልቅ እንደሱ ሆርሞኑን የሚቀንሱት ሜቲማዞል ወይም ካርቢማዞል ይመረጣሉ፤ ፒቲዩ አልፎ አልፎ ጉበትን ክፉኛ ይጎዳል። ፒቲዩ በቀን ሁለት ሦስቴ ስለሚወሰድም በጾም ወራት የቀኑን የሚዘሉ ብዙ እህቶች አውቃለሁ፤ ሜቲማዞል ግን ለብዙ ሰው በቀን አንዴ ይበቃል። እርግዝና ካሰብሽ ቀድመሽ ንገሪያቸው፣ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት የሚመረጠው ፒቲዩ ነውና።

ከፒቲዩ፣ ከሜቲማዞልና ከካርቢማዞል የትኛውንም ስትወስጂ ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም አብረው ከመጡ፣ መድኃኒቱን አቁመሽ በዚያው ቀን የነጭ ደም ሕዋስ ምርመራ አሠሪ። ዓይንሽ ቢጫ ከሆነ ወይም ሽንትሽ ከጠቆረም እንዲሁ ወዲያው ሂጂ። ጠበል የምትገቢ ከሆነ ግቢ፣ ክኒንሽን ግን ይዘሽ ግቢ፤ በድንገት አቋርጠው ልባቸው የደከመ ሰዎች አይቻለሁ።

አሁን የእንቅርትሽን መጠን፣ የዓይንሽን ሁኔታና ልጅ ታስቢ እንደሆነ ጻፊልኝ። የመጨረሻው የቲኤስኤች (የታይሮይድን ሥራ የሚያሳየው የደም ምርመራ) ውጤትሽ ካለም ጨምሪበት፤ ለሐኪሙ የምትጠይቂያቸውን ጥያቄዎች አብረን እናዘጋጃለን።