ቦአ ጎጀብ ዳር አለ ወይ? የጅማ ልጆች ጥያቄና መልስ

አንዲት የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ከጅሬን ጽፋልናለች። በቴሌቪዥን ያየችው ቦአ ጎጀብ ወንዝ ዳር ይኖር እንደሆነ ማወቅ ትፈልጋለች።

የለም፣ የኔ ልጅ። ቦአ የመካከለኛውና የደቡብ አሜሪካ እባብ ነው። እኛ አገር ወንዝና ረግረግ ዳር የሚገኘው ትልቁ እባብ ዘንዶ ይባላል። ሁለቱም መርዝ የላቸውም፤ የያዙትንም ተጠምጥመው ነው የሚገድሉት። ልዩነታቸው ከአወላለድ ይጀምራል። ዘንዶ እንቁላል ትጥላለች፣ እስኪፈለፈልም ተጠምጥማበት ትከርማለች። ቦአ ግን የምትወልደው ግልገል ነው። ግልገሉ ግማሽ ሜትር ገደማ ይሆናል፣ ከሁለት ማስመሪያሽ ትንሽ ያጥራል። እናቱ አታበላውም፤ ከተወለደበት ቀን ጀምሮ ራሱ አድኖ ያድራል።

«ዐይኑን ገልጦ ነው የሚተኛው?»

አዎ። የዐይን ቆብ የለውማ!

ሁለት ወንድማማቾች ተጣልተዋል። ታላቁ «አጥንት ሰባብሮ ይገድላል» ሲል ታናሹ «አፍኖ ነው» ይላል።

ሁለታችሁም ተሸንፋችኋል። ቦአ አድብቶ ይጠብቅና አይጥ ስትቀርብ ወደ ኋላ በታጠፉ ጥርሶቹ ይይዛታል። ጥርሶቹ ለመያዝ እንጂ ለማኘክ አይሆኑም። ወዲያው ይጠመጠምባትና ያጠብቃል። ያን ጊዜ የአይጧ ልብ ደም መግፋት ያቅተዋል፤ አንጎሏ ደም ያጣል፣ በሰከንዶች ውስጥም ራሷን ትስታለች። በ2015 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች የአይጥ ደም ግፊት ለክተው ያገኙት ይህንኑ ነው። ማጥበቅ ጉልበት ይጨርሳል፤ ስለዚህ ቦአ የልቧን ምት በገላው እየተከታተለ ምቱ ሲቆም ይለቃታል።

ከዚያ ከጭንቅላቷ ጀምሮ ይውጣታል፤ እግርና ጸጉሯ ወደ ኋላ ይታጠፍለታል። «መንጋጋው ይወልቃል» የሚባለው ወሬ ነው። የታችኛው መንጋጋ ግራና ቀኝ ፊት ለፊት በአጥንት አልተያያዙም፤ መሃላቸው ያለው የሚለጠጥ ጅማት ነው። አንዱ ሲይዝ ሌላው ወደ ፊት ይራመዳል፣ ጠባብ ካልሲ በሁለት እጃችሁ እያፈራረቃችሁ እንደምትስቡት። የአየር ቧንቧውን አፍ ወደ ውጭ ስለሚገፋው እየዋጠ ይተነፍሳል። ከበላ በኋላ ሙቀት ካላገኘ ምግቡ ስለማይፈጭለት መልሶ ይተፋዋል።

አንድ አባት ደግሞ ልጃቸው ቡና ለቀማ ላይ እባብ እንዳይነድፈው ሰግተዋል።

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። የእርስዎ ስጋት እፉኝት ናት፤ አጭርና ወፍራም ነች፣ ቅጠል ውስጥ ተኝታ ሰው ሲመጣ አትሸሽም። ልጁ ቦቲ ጫማ ያድርግ፤ እጁን ከመስደዱ በፊት ቅጠሉን በረጅም ዱላ ይግለጥ። ከተነደፈ ጫማና አምባር አውልቁለት፤ የተነደፈው አካል እንዳይንቀሳቀስ አድርጋችሁ ተሸክማችሁ ሆስፒታል አድርሱት። አትብጡት፣ አትምጠጡት፣ በገመድ አጥብቃችሁ አትሰሩት። እባቡን ለመግደል የምታባክኑት ጊዜ የልጁ ነው። «ህመሙ ቀለል ብሎታል» ብላችሁም ቤት እንዳታሳድሩት፤ ሐኪም ይየው፣ ዛሬውኑ!

«ቦአ ቤት ማሳደግ እፈልጋለሁ። ምን ያህል ይኖራል?»

በሰው እጅ ከ20 ዓመት በላይ። አንተ ዩኒቨርሲቲ ጨርሰህ ስትሄድ አይጥ የምታቀርብለት እናትህ ናት፤ መጀመሪያ እሷን ጠይቃት። የቀረውን የእንስሳት ሐኪም ይንገርህ።