ንጉሡ በእውነት ወደዷት?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎት ከኩዌት ነው። ሰው ቤት መሥራት ከጀመርኩ አራት ዓመት ሆነኝ። የተቀጠርኩት ለጽዳት ነበር። እንግሊዝኛ እንደምሞክር ሲያውቁ ግን ማታ ማታ ሦስቱን ልጆች የማስጠናው እኔ ሆንኩ። ደመወዙ ያው ነው፤ ጨምሩልኝ ለማለት ፈራሁ። በቀደም ከልጆቹ ጋር አንድ የቆየ ፊልም አየን። እንግሊዛዊት መምህርት የሩቅ አገር ንጉሥ ልጆችን ልታስተምር ትሄዳለች። ንጉሡ ይቆጣል፣ ይጮሃል፣ ኋላ አብረው ይደንሳሉ። ሴትየዋ በእውነት ነበረች? ንጉሡስ ወደዳት? ባሪያ ነፃ ያወጣችው እሷ ናት የሚባለውስ? (እህትዎ፣ ከኩዌት)

መልስ፦ እህቴ፣ ሴትየዋ ነበረች። ንጉሡ ግን አልወደዷትም። አብረውም አልደነሱም።

ያንን ፊልም እኔም በጎረምሳነቴ ሲኒማ ቤት ገብቼ አይቼዋለሁ። ሙዚቃው ደስ ይላል። ታይላንዶች ግን ንጉሣችንን አዋረደ ብለው አግደውታል። አልፈርድባቸውም።

ሴትየዋ አና ሊዮኖወንስ ትባላለች። በ1862 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፍልሽ) ሲንጋፖር ውስጥ ትንሽ ትምህርት ቤት ነበራት። ባሏ ሞቷል፤ ሁለት ልጆች ቀርተዋታል። የሲያም፣ ማለትም የዛሬዋ ታይላንድ ንጉሥ ሞንግኩት አስተማሪ ሲፈልጉ የተጠቆመችው እሷ ናት። ሴት ልጇን እንግሊዝ አገር ትምህርት ቤት አስገባች፤ ወንዱን ሉዊን ይዛ ባንኮክ ገባች።

አሁን ንጉሡን ተመልከቺ። ዕድሜያቸው 57 ነው። ዙፋን ላይ ከመውጣታቸው በፊት 27 ዓመት መነኩሴ ነበሩ። ላቲን ተምረዋል፣ እንግሊዝኛ ይጽፋሉ፣ የከዋክብት ስሌት ይሠራሉ። ለአሜሪካ ፕሬዚዳንት ዝሆኖች ልስጥዎት ብለው የጻፉት እሳቸው ናቸው። ሊንከን በዚያው በ1862 ሲመልሱ፣ አገራችን ለዝሆን አይመችም፣ እኛ ሥራውን በእንፋሎት እንሠራለን ብለው በትህትና አለፉት። ፊልሙ ላይ እንደ ሕፃን የሚንጫጩት ሰውዬ እኚህ ናቸው እንግዲህ።

ለአና የጻፉላት ደብዳቤ ደግሞ ከማንኛውም ኮንትራት የጠራ ነው። እንግሊዝኛ፣ ሳይንስና ሥነ ጽሑፍ አስተምሪ፤ ወደ ክርስትና ማስገባት ግን የለም። ምክንያት አላቸው። ከእሷ በፊት የአሜሪካ ሚስዮናውያን ሚስቶች ግቢ ገብተው ሴቶቹን ሲያስተምሩ፣ ፊደሉን ይዘው ወንጌሉንም ያስከትሉ ነበር። ንጉሡ ፊደሉን ብቻ ነው የፈለጉት።

የሚማሩት ደግሞ ብዙ ናቸው። ሚስቶችና ቁባቶች 39፣ ልጆች 82 ይባላል። አልጋ ወራሹ ቹላሎንግኮርን አና ስትመጣ ገና ስምንት ዓመቱ ነው። እሷ እንደጻፈችው የመጀመሪያው ቀን ልጆቹ ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው፣ የአሜሪካኖቹን የዌብስተር ፊደል መቁጠሪያ ገልጠው፣ እሷን እየተከተሉ ሀ ሁ ማለት ጀመሩ። እኔ ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩ ሰው ነኝና ይህችን ስዕል እወዳታለሁ። ልዑልም ሆነ የጎረቤት ልጅ፣ ያቺ የመጀመሪያ ቀን ድምፅ አንድ ናት።

አና ራሷ ማናት? እዚህ ላይ ነው ጨዋታው። ዌልስ ተወለድኩ፣ ባሌ የጦር መኮንን ነበር ትል ነበር። የተወለደችው ግን ሕንድ ውስጥ፣ በ1831 ነው። በእናቷ በኩል የሕንድ ደም ሳይኖራት አይቀርም። ባሏም መኮንን ሳይሆን ጸሐፊ ነበር፤ በኋላ ሆቴል ያስተዳድር ነበር። ባጭሩ ሲቪዋን አሳምራለች። እኔ በዚህ አልቀየማትም። በዚያ ዘመን እውነቱን ብትናገር የሲንጋፖር እንግሊዞች ልጆቻቸውን አይልኩላትም ነበር።

የምቀየማት ለሌላው ነው። በኋላ በጻፈቻቸው መጻሕፍት ንጉሡ ሰው የሚያሰቃዩበት ከቤተ መንግሥቱ ሥር የተቆፈረ እስር ቤት አለ አለች። ባንኮክ ረግረግ ናት እኮ! ጥቂት ብትቆፍሪ የሚወጣሽ ውሃ ነው። እንጀራ የሰጣትን ሰው፣ ከሞቱ በኋላ፣ መልስ በማይሰጡበት ሰዓት።

የባሪያውን ነገር በተመለከተ፣ ነፃ ማውጣቱን የጀመረው ያ አልጋ ወራሽ የነበረው ልጅ፣ ቹላሎንግኮርን ነው። ከነገሠ በኋላ በ1874 ሕግ አወጣ፤ በ1905 ጨረሰው። ከአና ትምህርት ምንም አልተረፈውም አልልም። ግን እኔም ሐኪም የሆነ ተማሪ አለኝ፤ ያስተማርኩት ታሪክ ነበር።

ወደ አንቺ ልምጣ። የአና ኑሮ ካንቺው ጋር የሚገጥምበት ቦታ አለ። ንጉሡ ግቢ ውስጥ እንድትኖር ፈልገው ነበር፤ እሷ እምቢ ብላ ከግቢ ውጪ ቤት እስኪሰጣት ተሟገተች። ለልጆቹ ተቀጥራ ደግሞ የንጉሡን የውጭ አገር ደብዳቤም ትጽፍ ነበር። አንድ ደመወዝ፣ ሁለት ሥራ። በ1867 ለጤናዋ ወደ እንግሊዝ ሄደች፤ እዚያ ሆና የተሻለ ውል ካገኘሁ እመለሳለሁ እያለች ስትደራደር ንጉሡ ሞቱባት። አሟሟታቸውም ያሳዝናል። ነሐሴ 1868 የፀሐይ ግርዶሽ የት እንደሚታይ ራሳቸው አስልተው፣ እንግዳ ጋብዘው፣ ዋ ኮ የሚባል ጫካ ሄዱ። ስሌቱ ትክክል ሆነ። ወባ ግን ይዟቸው ተመለሰ፤ በዚያው ዓመት በፈረንጅ ኦክቶበር 1 ቀን አረፉ። በኑዛዜያቸው አናንና ልጇን አስታውሰው ነበር፤ ገንዘቡ ግን አልደረሳቸውም። የ15 ዓመቱ አዲስ ንጉሥ ሞቅ ያለ የምስጋና ደብዳቤ ጻፈላት። ተመለሺ አላላትም።

አና የተደራደረችው ከሩቅ፣ ከሄደች በኋላ ነው። አንቺ ግን እዚያው ነሽ፤ ልጆቹም ለምደውሻል። የምታስጠኚው በሳምንት ስንት ሰዓት ነው? ለአንድ ወር ደብተር ላይ መዝግቢው። ከዚያ እመቤትየዋን ልጆቹ ተኝተው፣ ሻይ ስታቀርቢላት አናግሪያት። ፈተናቸው ከመድረሱ በፊት ይሁን።