ለአንድ እንቆቅልሽ ስንት ቋንቋ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። ጓደኛዬ አንድ የቁጥር እንቆቅልሽ ሰጠኝ። ከ1 እስከ 9 ያሉትን አሃዞች እያንዳንዳቸውን አንድ ጊዜ ብቻ ተጠቅሜ ባለ ዘጠኝ አሃዝ ቁጥር እንድሠራ ነው። ከግራ ሲነበብ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች የሚሠሩት ቁጥር ለ2፣ ሦስቱ ለ3፣ አራቱ ለ4፣ እንዲህ እያለ ዘጠኙም ለ9 ያለ ቀሪ መካፈል አለባቸው። ፓይዘን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ 381654729 አገኘሁ። በጃቫስክሪፕት፣ በጃቫና በሲም ደግሜ ጻፍኩት፤ መልሱ ያው ነው። ጓደኛዬ ግን «ከመጀመሪያው በሲ ካልሆነ አልፈታኸውም» ይለኛል። ቀጥሎ በየትኛው ቋንቋ ልሞክረው? ሌላም ጥያቄ አለኝ። ዜሮንና መደጋገምን ፈቅጄ፣ የአሃዞቹንም ብዛት ሳልገድብ ትልቁን ቁጥር ስፈልግ ፓይዘን ባለ 25 አሃዝ መልስ ሰጠኝ፣ ጃቫስክሪፕት ግን የማይታመን ነገር አወጣ። ኮዱ አንድ ዓይነት ነው። ምን ነካው?

መልስ፦ መልስህ ትክክል ነው፤ ከእሱ ሌላም መልስ የለም። ጓደኛህ ስለ ሲ የሚለውን ለጊዜው ወደ ጎን እንተወው። ዘጠኝ አሃዞች የሚደረደሩበት መንገድ 362,880 ነው፤ ይህ ለፓይዘንም ቢሆን ብዙ ሥራ አይደለም።

እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። የላክልኝን አራት ፕሮግራሞች አነበብኳቸው። አራቱም «ሁሉንም ደርድር፣ አንድ በአንድ ፈትሽ» ይላሉ። ቅንፉና ነጠላ ሰረዙ ቦታ ለወጠ እንጂ እንቆቅልሹን የፈታኸው አንዴ ነው፤ ሦስቱ ግልባጭ ናቸው። ስለዚህ ቀጣዩ ቋንቋህ ወረቀት ይሁን።

ለ5 የሚካፈል ቁጥር በ5 ወይም በዜሮ ይጨርሳል። ዜሮ ስለሌለ አምስተኛው አሃዝ 5 ነው። ሁለተኛው፣ አራተኛው፣ ስድስተኛውና ስምንተኛው ቦታ ተጋማሽ አሃዝ ይፈልጋሉ፤ አራቱም ተጋማሾች እዚያው ያልቃሉ። በዚህ ብቻ 362,880 የነበረው ወደ 576 ወረደ። ሦስተኛው አሃዝ ኢ-ተጋማሽ ስለሆነ ለ4 የመካፈል ሕግ አራተኛውን 2 ወይም 6 ያደርገዋል፤ ስምንተኛውንም የ8 ሕግ እንደዚሁ ያስገድደዋል። 4 እና 8 እንግዲህ ሁለተኛውንና ስድስተኛውን ቦታ ይካፈላሉ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አሃዞች ለ3፣ ስድስቱ ለ6 ከተካፈሉ የመካከለኞቹ ሦስት አሃዞች ድምርም ለ3 መካፈሉ አይቀርም፤ ስለዚህ መካከሉ 258 ወይም 654 ነው። የቀሩትን ኢ-ተጋማሾች በ3 እና በ8 ሕግ ስታጣራቸው በእጅህ የሚተርፉት 10 ቁጥሮች ብቻ ናቸው። የ9 ሕግ ማንንም አይጥልም፤ የአሃዞቹ ድምር ሁልጊዜ 45 ነውና። ጨካኙ 7 ነው፤ ከአሥሩ ዘጠኙን ይጥላል። 3816547 ለ7 ሲካፈል ግን 545221 ይደርሳል።

ይህን አንዴ ካየህ በኋላ ቋንቋ መቀየር ትርጉም ይኖረዋል። በሲ ስትጽፈው ቁጥሩን አሃዝ በአሃዝ ገንባው፤ ሕግ የጣሰውን ጅምር እዚያው ተወው። 13 ለ2 ስለማይካፈል በ13 የሚጀምሩት 5,040 ቁጥሮች በአንድ ፍተሻ ይሄዳሉ። ከዚያ ወደ ፕሮሎግ እለፍ። በ1972 አካባቢ በፈረንሳይዋ ማርሴይ ከተማ አሌን ኮልሜሮኤ እና ፊሊፕ ሩሴል ያወጡት ይህ ቋንቋ ሞክሮ ሲከሽፍ ወደ ኋላ መመለስን ራሱ ይሠራልሃል፤ አንተ የምትጽፈው ሕጎቹን ነው። ታዲያ የሕጎቹ ቅደም ተከተል ወሳኝ ነው። መጀመሪያ ዘጠኙንም ደርድር ብለህ ፍተሻውን መጨረሻ ካስቀመጥክ ያው የድሮው 362,880 ጋ ትመለሳለህ። ሃስኬልም አለ፤ ኮዱ በሒሳብ ደብተር ላይ ስብስብ እንደምንጽፈው ስለሚነበብ ደስ ይላል። ለዚህ እንቆቅልሽ ግን የእኔ ምርጫ ፕሮሎግ ነው። ጃቫውን ተወው፤ ከሲው የተለየ የሚነግርህ ነገር የለም።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄህ እንምጣ፤ ቋንቋዎቹ ከልብ የሚለያዩት እዚህ ነው። ትልቁ ቁጥር 3608528850368400786036725 ነው፣ ፓይዘንህ ልክ ነው። የፓይዘን ሙሉ ቁጥር ሜሞሪ እስከቻለ ድረስ ይረዝማል። የጃቫስክሪፕት የተለመደው ቁጥር ግን እስከ 9007199254740991 ድረስ ብቻ ነው አንድም ሳያዛባ የሚቆጥረው፤ ከዚያ በላይ ያጠጋጋል፣ ስህተት መፈጠሩንም አይነግርህም። እንዲያውም ከዚያ ወሰን በላይ ሊይዝ የሚችለው ተጋማሽ ቁጥሮችን ብቻ ነው። ትክክለኛው መልስ በ5 ስለሚጨርስ ፕሮግራምህ ቢያገኘው እንኳ ሊይዘው አይችልም ነበር። ቢግኢንት የሚባለውን የቁጥር ዓይነት ተጠቀም፤ ይስተካከላል።

ለጓደኛህ ደግሞ ይህን የቤት ሥራ ስጥልኝ። የሲ ባለ 64 ቢት ቁጥር 9223372036854775807 ላይ ይቆማል፤ ይህ 19 አሃዝ ነው፣ ለ25 አይበቃም። ያለ ምንም ተጨማሪ ላይብረሪ (ሌሎች ጽፈው ያዘጋጁት ኮድ) ይፍታው። ፍንጭ ከፈለገ፦ ትልቁን ቁጥር መያዝ አያስፈልግም። አሃዞቹን በአሬይ፣ ማለትም በተራ በተደረደረ ዝርዝር፣ አስቀምጦ፣ ለአንድ አካፋይ ሲፈትሽ ከዜሮ ይነሳ፤ በየአሃዙ የያዘውን ቀሪ በ10 አባዝቶ፣ አሃዙን ደምሮ፣ እንደገና ቀሪውን ብቻ ይያዝ። ለ26ኛ አሃዝ ቦታ እንደሌለ ሲያረጋግጥ እንኳ በመሃል የሚይዘው ቁጥር 260 አይደርስም።