የቤት ጉዳይ ጥያቄና መልስ፦ ክረምት በመጣ ቁጥር የሚረጥብ ምድር ቤት

ጥያቄ፦ ቤታችን ጉለሌ ተዳፋት ላይ የተሠራ ስለሆነ፣ የታችኛው ክፍል የኋላ ግድግዳ ሙሉ በሙሉ አፈር ውስጥ ነው። ግድግዳው የድንጋይ ግንብ ነው። እስካሁን ዕቃ ማስቀመጫ አድርገነው ቆይተን፣ ልጃችን እንዲኖርበት አስበን አምና ጀሶ አስለስነን ሁለት እጅ የዘይት ቀለም አስቀባነው። ሐምሌ ላይ ቀለሙ እንደ ፊኛ ተነፍቶ ተላጠ፤ ከወለሉ እስከ ጉልበት ድረስም ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ወጣበት። ከፍራሹ ጀርባ ደግሞ ሻጋታ አገኘን። አንድ ባለሙያ «ውኃ የማያስገባ ቀለም ልቀባላችሁ» ይለናል። እንመነው?

መልስ፦ ቀለሙን ለጊዜው ያቆዩት። የላጠው የቀለሙ ጥራት ማነስ ሳይሆን ከግድግዳው ጀርባ የተጠራቀመው ውኃ ነው፤ አንድ ሜትር ከፍታ ያለው ውኃ ግርጌው ላይ በካሬ ሜትር አንድ ቶን ያህል ጫና ስለሚያሳርፍ፣ ከውስጥ የተቀባ ስስ ቀለም ይህን ግፊት ሊችል አይችልም። ነጩ ዱቄት ሻጋታ አይደለም፤ ውኃው በግንቡ ውስጥ ሲያልፍ አሟሙቶ ያመጣው ጨው ነው። ጀሶም እርጥበት ሲነካው ስለሚልም ለእንዲህ ያለ ግድግዳ አይሆንም።

የፍራሹ ሻጋታ ግን ሌላ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ላስቲክ ግድግዳው ላይ ዙሪያውን በፕላስተር አጣብቀው ሁለት ቀን ይተዉት። እርጥበቱ ከላስቲኩ ጀርባ ከተገኘ ከአፈሩ የመጣ ነው፤ ወደ ክፍሉ በዞረው ፊት ላይ ከተገኘ ግን የክፍሉ አየር ቀዝቃዛ ግድግዳ ነክቶ ያንጠባጠበው ነውና መፍትሔው መስኮት መክፈት ነው። የእርስዎ ቤት ሁለቱም ያለበት ይመስለኛል።

ከመቆፈርዎ በፊት ወደ ጣራው ይመልከቱ። 100 ካሬ ሜትር ጣራ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ በጣለበት አንድ ከሰዓት በኋላ 3,000 ሊትር፣ ማለትም 15 በርሜል ውኃ ያወርዳል። አሸንዳው ከተቀደደ ወይም መውረጃ ቱቦው ግድግዳው ሥር ካበቃ፣ ይህ ሁሉ ውኃ የሚደፋው ልጅዎ ሊተኛበት ካሰበው ክፍል ጀርባ ነው። ቱቦውን ወደ ቦይ ማድረስና የግቢውን ወለል ከቤቱ ወደ ውጭ እንዲያዘነብል ማድረግ ብዙ ወጪ የለውም፤ አንዳንዴም ይኸው ብቻ ይበቃል። ክፍሉ በበጋም የሚረጥብ ከሆነ ደግሞ ቧንቧዎቹን ሁሉ ዘግተው ቆጣሪው መዞሩን ይዩ፤ የመጸዳጃ ጉድጓዱንም ይጠርጥሩ።

ይህ ካልበቃ፣ ዝናቡ ቆሞ አፈሩ ከደረቀ በኋላ ከኅዳር ጀምሮ የኋላ ግድግዳው በውጭ በኩል እስከ መሠረቱ ግርጌ ይቆፈራል። ከመሠረቱ በታች ፈጽሞ አይወረድም፤ ሙሉው ርዝመትም በአንድ ጊዜ አይከፈትም፤ ሁለት ሁለት ሜትር እየተከፈለ ይሠራል እንጂ። ግንቡ ታጥቦ መጋጠሚያዎቹ ከተሞሉ በኋላ በሲሚንቶ ይለሰናል፤ ልስኑ ሲደርቅ ሁለት እጅ ሬንጅ ይቀባል ወይም በእሳት የሚለጠፍ የሬንጅ ምንጣፍ ይለብሳል። ሥራው ግን በዚህ አያበቃም፤ ውኃው መሄጃ ካላገኘ አንድ ቀን ስንጥቅ ፈልጎ ይገባልና፣ ግርጌው ላይ ቀዳዳ ያለው ቱቦ በየሜትሩ ቢያንስ አንድ ሳንቲ ሜትር እያዘቀዘቀ ተዘርግቶ በጠጠር ይሸፈናል። ተዳፋቱ እዚህ ላይ ይጠቅምዎታል፤ ያለ ፓምፕ ውኃውን ወደ ታችኛው ቦይ ማስወጣት ይቻላል። ጉድጓዱን መልሰው የሚሞሉት በጠጠር ይሁን፤ በተለይ ቦሌና አቃቂ አካባቢ እንደሚበዛው ዓይነት ጥቁር አፈር ሲረጥብ ስለሚያብጥ ግድግዳውን ይገፋል።

የጎረቤት ግንብ ወይም መንገድ ቁፋሮውን ከከለከለ ብቻ ወደ ውስጥ እንምጣ። ባለሙያው የሚቀባውን ዕቃ ያሳይዎት። በውኃ የሚበጠበጥ፣ ሲሚንቶነት ያለው ዱቄት ከሆነ ጀሶውና ቀለሙ ተፍቆ ግንቡ እስኪታይ ድረስ ከተነሣ በኋላ፣ በረጠበ ግድግዳ ላይ ሁለት ጊዜ፣ ሁለተኛው የመጀመሪያውን እያቋረጠ ይቀባል፤ ይህ ከድንጋዩ ጋር ስለሚያያዝ ከጀርባው የሚመጣን ግፊት ይቋቋማል። በቆርቆሮ የሚመጣ የዘይት ወይም የፕላስቲክ ቀለም ከሆነ ግን ገንዘብዎን አያውጡ። ወለሉም ሊሾ ከመፍሰሱ በፊት ወፍራም ላስቲክ ይነጠፍበት፤ ጠርዙ ግድግዳው ላይ አንድ ስንዝር ይታጠፍ።

እስከዚያው ክፍሉን ለማድረቅ ከሰል አያስገቡ። የከሰል ጢስ ሽታ ሳይኖረው የሚገድል ጋዝ አለው፣ ምድር ቤት ደግሞ አየር አይወጣበትም። ሥራው ካለቀም በኋላ አንድ ሐምሌና ነሐሴ ባዶውን ይለፍበት፤ ልጅዎ ሲገባም አልጋውና ቁም ሣጥኑ ከኋለኛው ግድግዳ አንድ ስንዝር ይራቁ።