«ፍቅር አሰጠማት» ብዬ የጻፍኩ ዕለት

ሰሞኑን ስፖርት ዘጋቢነት የጀመረች አንዲት ልጅ ደወለችልኝና፣ «ጋሼ፣ ስለ ውድድሩ ስጽፍ ዞር ብሎ የሚያየው የለም፤ ስለ አትሌቷ ፍቅረኛ ስጽፍ ግን አንባቢው ይጎርፋል። ምን ይሻለኛል?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። የዚያን ዕለት እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ ፈረንሳዊቷ ዋናተኛ ሎር ማኖዱ ትዝ ብላኝ።

የፈረንሳይ ዋና ሲባል ለእናንተ ሊዮን ማርሻን ነው፣ ፓሪስ 2024 ላይ አራት ወርቅ የወሰደው። ማኖዱ ያሸነፈችው ከእሱ 20 ዓመት ቀድማ፣ በ2004 ነው። አቴንስ ላይ በ17 ዓመቷ 400 ሜትር ነፃ ቀዘፋ ስታሸንፍ ፈረንሳይ ከ1952 ወዲህ በኦሊምፒክ ዋና ወርቅ አላየችም ነበር፤ በሴት ደግሞ ጭራሽ አግኝታ አታውቅም። በ2006 አሜሪካዊቷ ጃኔት ኢቫንስ ለ18 ዓመት ይዛው የቆየችውን የርቀቱን ክብረ ወሰን ሰበረች። አገሩ ሁሉ የእሷ ሆነ፤ የመጽሔት ሽፋን ያለ እሷ አይወጣም።

በ2007 ያንን ፀጉረ ረጅም፣ ተቆጪ አሠልጣኟን ፊሊፕ ሉካን ትታ ፍቅረኛዋ ወዳለበት ጣሊያን ሄደች። እዚያም አልሆነላትም። ዓመቱ ሳያልቅ የግል ፎቶዎቿ በኢንተርኔት ተበተኑ። እኛም ተቀባበልነው።

ቤጂንግ 2008። የሌሊት ተረኛ ነበርኩ፤ የ400 ሜትሩ ፍጻሜ በእኛ ሊነጋጋ ሲል ነው። ከስምንት ስምንተኛ ወጣች። ውድድሩን በቅጡ እንኳ አላየሁትም፤ ሻይ ልቀዳ ተነስቼ ነበር። ተመልሼ ውጤቱን አየሁና በአንድ ትንፋሽ «ፍቅር አሰጠማት» ብዬ ጻፍኩ። ጠዋት አለቃዬ ትከሻዬን መታ አድርጎ «አርዕስት ማለት ይሄ ነው!» አለኝ፤ ማኪያቶም ጋበዘኝ። አጠገቤ የምትቀመጠው ተርጓሚያችን ግን መነጽሯን አውልቃ፣ «ስንት ዓመቷ ነው?» አለችኝ።

«ሃያ አንድ።»

«ልጅህስ?»

«ሃያ።»

ሌላ ቃል አልተነፈሰችም። መነጽሯን መልሳ አደረገችና ሥራዋን ቀጠለች።

እኔ ደግሞ፣ ይታያችሁ፣ ላንጋኖ እንኳ ከጉልበቴ በላይ ገብቼ የማላውቅ ሰው ነኝ። ስለ መስጠም የምጽፈው እኔ!

የዛሬ ልጆች ላይክ ስትቆጥሩ ነው የምታድሩት። ቢሆንም እኛ ያለ ላይክም ያው ነበርን፤ ማኪያቶ ይበቃን ነበር። ስለ ሰው ፍቅር አትጻፉ ልል ነበር፤ ግን የማርሻን ፍቅረኛ ወሬ ቢወጣ ቀድሜ የምከፍተው እኔ ሳልሆን አልቀርም። ብቻ ልጄ፣ መጀመሪያ ውድድሩን እስከ መጨረሻው እዪው። ሻዩ ይደርሳል።

ማኖዱ ልጅ ወልዳ ለንደን 2012 ላይ ተመልሳ መጣች፤ ማጣሪያውን አላለፈችም። ታናሽ ወንድሟ ፍሎራን ግን 50 ሜትሩን አሸነፈ፤ ሮጣ ገንዳው ዳር ደረሰችና አቀፈችው። ያን ጊዜ «ይቅርታ» የሚል አጭር ነገር ጀምሬ ነበር። «አሁን ማን ያስታውሰዋል?» ብዬ ተውኩት።

በ2024 የፓሪሱ ችቦ ኦሊምፒያ ላይ ሲለኮስ ከፈረንሳዮች መጀመሪያ የተቀበለችው እሷ ናት። ከልጄ ልጅ ጋር ሶፋ ላይ ሆነን እያየን ነበር። «አባባ፣ ማናት?» አለኝ።

ከአቴንሱ 400 ሜትር ጀመርኩለት።